ሦስተኛው ረድፍ

እሑድ እንማራለን፤ ማናማ እንዲህ ናት፤
ቅዳሴው ዓርብ ነው፣ እሑድ የክፍል ደወል አላት።
እናቴ ሸሚዜን በሰንበት ስትተኩስ
"ይቅር በለኝ" ትላለች፣ ለአምላኳ፣ በለሆሳስ።

በአንዱ እሑድ ጠዋት፣
ኤሲው እያቃሰተ፣ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ፣
ሊጆ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ፍዝዝ።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
በኮምፓስ ሹል እግር፣ ሳይቸኩሉ፣ በረጋ ልብ፣
አንድ ቃል ተቀርጿል።

ቃሉን አልጽፈውም።
በዐረብኛ ነው፤ ግን እንግዳ አልሆነብኝም፤
እኅቱን ዐውቃታለሁ፣ በኛም ቤት አድጋለች፤
ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ አጎቴ አፍ ውስጥ አለች፤
ሴትን ሁለት ጊዜ ደራርባ እየጠራች
ሰደብኩት ብላ ትኮራለች።
እኔ አንድ ጊዜ ሴት ነኝ። እሱ ሁለት ተባለ።
ታዲያ ነውሩ የቱ ጋ ነው? የሚያውቀው ሰው ካለ።

እንዲያ ይሁን አይሁን አልጠየቅነውም፤
የራሱ ነው፤ ሲፈልግ ይነግረናል፣ ካልፈለገም አይነግረንም።

በግራ ክንዱ ሸፈነው፤ እስከ ምሳ አላነሳም።
ጂኦሜትሪ ነበር፤ ማስመሪያ የሚይዝለት ሁለተኛ እጅ አጣ፤
ከእርሳሱ ሥር መስመሩ ሁሉ እየተጣመመ ወጣ።
"ጠማማ ነው" አሉ አስተማሪው፣ ደብተሩን አይተው።
ከኋላ ሦስት ልጆች ሳቁ፤
እሳቸው ስለ መስመር ነበር ያወሩት፤ እነሱ ግን ወርቁን ዐወቁ።

እኔስ? እኔ ጫማዬን አየሁ።
አምና፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በዚያው ቃል ስቄአለሁ።

ሰኞ ዱሓ ቀደመች።
አባቷ ሙሐረቅ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ከፀሐይ በፊት መነሣት ለምዳለች።
ሄዳ የሊጆ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤
ምሳ ዕቃዋን ቃሉ አጠገብ፣ ቃሉን ሳትሸፍን፣ አስቀመጠች።
"የኔ ላይ ተቀመጥ" አለችው፤ "ዛሬ እዚህ ነኝ።"
ሌላ አልጨመረች።

ማክሰኞ ማርሎን። ረቡዕ ሁለት ልጆች ተጣሉበት፣
አንዱ በግማሽ መቀመጫው ተንጠልጥሎ ዋለበት።
ስብሰባ አልጠራንም፣ ባነር አልሰቀልንም፤
እዚህ ከተማ አንዳንድ ነገር በአደባባይ ስሙ አይጠራም፤
ስለዚህ ሳንጠራው
ተቀመጥንበት።

"ቦታሽ አይደለም" አሉ አስተማሪው፤ ሐሙስ ነው፣ ተራዬ ደርሷል።
"ዛሬ ነው፣ ሰር።"
ስም መጥሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቃሉን አዩ፤
መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና
"ገጽ ሰማንያ አራት" አሉ።

ቀራጩ? ዐውቀዋለሁ። ከኋላ ተቀምጧል፤
አልተጸጸተም፣ ወይ አላሳየንም፤ ኮምፓሱን በጣቱ ያሾራል።
ዱሓ ላይ፣ ማርሎን ላይ፣ እኔ ላይ ሲያየው ግን
ቃሉ በማን ልክ እንደተሰፋ ጠፋበት።

ልትወስደኝ በር ላይ የቆመች እናቴ ክንዴን አየችው፤
በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተደግፌበት
ቃሉ ቆዳዬ ላይ ታትሟል፣ ቀይ፣ ተገልብጦ።
ዐሥራ ስድስት ዓመት በዐረብኛ ኖራለች፣ ማንበብ ግን ጊዜ አላገኘችም።
"ምን ነካሽ?"
"ዴስክ ነው።"
ከቦርሳዋ ቫዝሊን አወጣች፤
በአውራ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ እያሸች፣
"ይጠፋል" አለች።

እሑድ። ዘበኛው ቁልፉን ሳያዞር ስድስት ልጆች በር ላይ ቆመናል፤
ጤዛው የባሕር ነው፣ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቋል።
ሊጆ መጨረሻ መጣ፤ ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ፤
አንድ በአንድ አየንና
"የማን ተራ ነው?" አለ።